እህታችሁ ዓረብ አገር ከሆነች፦ ናፍቆቷን በጸሎት እንዴት ትይዙታላችሁ?

ይህ መመሪያ እህታቸው ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኤምሬትስ ወይም ቤይሩት ሄዳ እነሱ አገር ቤት ለቀሩ ነው። ኮንትራቱ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው፤ ታድሶ አራትና አምስት ሲሆን ግን ማንንም አይገርምም። ለአንድ ሳምንት አልቅሶ የሚወጣለት ነገር ስላልሆነ ለዓመታት የሚዘልቅ ሥርዓት ያስፈልገዋል። የጸሎቱ ክፍል በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ ነው የተጻፈው። ወንጌላውያን ቤተሰቦች በራሳቸው የጸሎት ልማድ ተክተው የቀረውን እንዳለ ሊወስዱት ይችላሉ።

ዋናው አሠራር ቀላል ነው። ለናፍቆቱ በቀን አንድ ቁርጥ ያለ ሰዓት ስጡት። ሰዓት የሌለው ናፍቆት ጠዋት ሥራ ላይ፣ ቀን ታክሲ ውስጥ፣ ሌሊት አልጋ ላይ እየመጣ ሰው ያደክማል። ሰዓት ሲቆረጥለት ቀኑን ሙሉ «ማታ እነግርልሻለሁ» ብሎ ማቆየት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት

ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ገጽ ላይ የሚከተሉትን ጻፉ፦ በፓስፖርቷ ላይ ያለው ሙሉ ስም እና የፓስፖርት ቁጥር፤ የክርስትና ስሟ፤ የላካት ኤጀንሲ ስምና ስልክ፤ የአሠሪዋ ስምና ስልክ፣ ከተማውና ሰፈሩ፤ እዚያ ያለች የአንዲት ጓደኛዋ ቁጥር፤ ኮንትራቱ የሚያልቅበት ቀን። የፓስፖርቷንና የኮንትራቷን ፎቶ ኮፒ አያይዙት። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሲወጣላት የእሱንም ፎቶ እንድትልክ ጠይቋት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋችሁ በቤቱ ዳዊት ውስጥ አስቀምጡት። በየማታው ዳዊቱን ስለምትገልጡት አይጠፋም፤ ስልኳ የጠፋ ዕለትም የት እንዳለ ማንም አይጠይቅም።

በዚህ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው የክርስትና ስሙ ነው። እናት ከረሳችው የክርስትና እናቷን ጠይቁ፤ የጥምቀት የምስክር ወረቀት ካለ እሱ ላይ አለ። ወለተ ማርያም ወይስ ወለተ ገብርኤል እያሉ መገመት አያስፈልግም። እሷን ራሷን ብትጠይቋት ምናልባት በትክክል ታውቀዋለች፤ ጥያቄው ራሱ ደግሞ የሚያስባት ሰው እንዳለ ይነግራታል።

ሰዓቱን መቁረጥ

የእኛ ሰዓት ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከኩዌትና ከዶሃ ጋር አንድ ነው። ዱባይና አቡዳቢ በአንድ ሰዓት ይቀድሙናል። ቤይሩት በብርዱ ወራት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀርና በሙቀቱ ወራት ከእኛ እኩል ይሆናል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲል ዱባይ 4 ነው። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፤ ሪያድ ባለች እህት ስልክ ላይ 9 ብሎ የሚያሳየው የእኛ ማታ 3 ነው። እዚያ የከረመች ልጅ «በዘጠኝ ደውሉልኝ» ስትል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጠየቀች ስድስት ሰዓት ሙሉ መተላለፍ አለ፤ ይሄ ደግሞ «ረሱኝ» ወደሚል ቅያሜ ይሄዳል።

ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ለሁለታችሁም የሚመቸው የመኝታው ነው። የቤት ሠራተኛ ለብቻዋ የምትሆነው የእራት ሳህን ታጥቦ፣ ልጆች ተኝተው፣ መዳሟ ክፍሏ ስትገባ ነው። በረመዳን ግን ሁሉም ይገለበጣል። ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ እየበላና እንግዳ እየተቀበለ ያነጋል፤ እሷ የምትተኛው ረፋዱን ነው። በ2017 እና በ2018 ረመዳንና ሁዳዴ ተደራርበው ነበር፤ እንዲህ ባለው ወቅት የማታውን ሰዓት ለራሳችሁ ያዙትና የስልኩን ጊዜ ወደ ከሰዓት በኋላ አዛውሩት።

አብራችሁ መቆም ባትችሉም ሰዓቱን ንገሯት። «በእኛ 3 ሰዓት ላይ ስምሽን እንጠራለን» ብሎ ማሳወቅ ይበቃል። ሳህን እያጠበችም ቢሆን ሰዓቱ ሲደርስ ታውቀዋለች።

የማታው ጸሎት፣ ሩብ ሰዓት

1. ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ ቁሙ። ሦስት ጊዜ ስገዱ፤ በሰንበትና በበዓለ ኀምሳ ግን ስግደት የለምና እጅ ነሥቶ መቆም ይበቃል።

2. በስመ አብ ብላችሁ አማትቡ፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ ሰላም ለኪ እና ጸሎተ ሃይማኖት ይከተሉ።

3. አንድ መዝሙር ድገሙ። ዳዊቱ ለሰባቱ ቀናት ተከፍሏል፤ የሰኞው ብቻ ከ1 እስከ 30 ነው። ልምዱ የሌለው ሰው ይህን በአንድ ማታ እጨርሳለሁ ካለ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ሦስት መዝሙር መርጣችሁ አፈራርቁ፦ 120 («ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ»)፣ 90 እና 138። በሌሎች ቁጥሮች የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ 121፣ 91 እና 139 ላይ ፈልጉ። 138ኛው እስከ ባሕር መጨረሻ ብበር እንኳ እጅህ ይዛ ትመራኛለች የሚል ነውና ቀይ ባሕርን ለተሻገረች እህት ከዚህ የሚቀርብ የለም።

4. በክርስትና ስሟ ጥሯትና አንድ ነገር ብቻ ለምኑላት። የዛሬውን ነገር፦ የጥርስ ሕመሟን፣ ያልተከፈላትን የወር ደመወዝ፣ አዲስ የተወለደውን የአሠሪዋን ልጅ የሌሊት ለቅሶ። «ከክፉ ሁሉ ጠብቃት» ብቻ ሲደጋገም አፍ ይለምደዋል፣ ልብ ግን ሌላ ቦታ ይሄዳል። አንዱን ነገር ለማወቅ ደግሞ እሷን መጠየቅ ግድ ነው።

5. ለአሠሪዋ ቤትም ጸልዩ። ይሄ የሚከብዳችሁ ከሆነ ምክንያቱን ከታች በንዕማን ቤት ታገኙታላችሁ።

6. ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። እንባው ከመጣ ይምጣ። 41 እግዚኦ ማድረስ የለመዱ በመቁጠሪያ እዚህ ላይ ያድርሱት።

7. በአቡነ ዘበሰማያት ዝጉ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አትክፈቱ። ከጸሎት ተነሥቶ ስለ ዓረብ አገር እህቶች የሚያስጨንቅ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ሩብ ሰዓት የሠራውን በአምስት ደቂቃ ያፈርሰዋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ፎቶዋን አቁሞ ዙሪያውን ሻማ ማብራት በየቤቱ እየተለመደ ነው። ይህ የሟች ነው የሚመስለው። እናት ሳይታወቃት ልጇን መቅበር ትጀምራለች። ፎቶው እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ ይሰቀል፤ ጧፉም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ።

በየሳምንቱ የሚነበብ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ላይ አንድ ክፍል ጮክ ብሎ ማንበብ ጥሩ ነው፤ በአቦሉ አንብባችሁ በቶናው ተነጋገሩበት። ብዙ ሰው «ስለ ናፍቆት ምን ይነበብ?» ሲባል ይጨነቃል። የሰው ቤት የምታገለግል ሴት ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከሚታሰበው በላይ አለ።

ዘፍጥረት 16 የአጋር ነው። ግብፃዊት ናት፣ በሣራ ቤት ታገለግላለች፣ እመቤቷ ስታስጨንቃት ጠፍታ ትወጣለች። መልአኩ በምድረ በዳ፣ በሱር መንገድ ባለች የውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛታል፤ የመጀመሪያ ቃሉም ከወዴት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ የሚል ጥያቄ ነው። አጋርም እግዚአብሔርን የሚያይ አምላክ ብላ ትጠራዋለች። ይህን ስታነቡ «ወደ እመቤትሽ ተመለሺ» የሚለውን ቁጥር በተበደለች እህት ላይ እንዳትጭኑት። ያ ቃል ለአጋር፣ ከነተስፋው የተነገረ ነው። እየተደበደበች ላለች ልጅ «ታገሺ፣ መጽሐፉም ይላል» ብሎ በስልክ መንገር ክፉ ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከነገረቻችሁ የሚቀጥለው ሥራ ከታች ስልክ ስለመጥፋት ከተጻፈው ሦስተኛው እርምጃ ነው፤ ሳምንት አይጠበቅም።

መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ስሟ እንኳ ያልተጻፈ አንዲት ታናሽ ብላቴና አለች። ከእስራኤል ተማርካ በሶርያዊው ሠራዊት አለቃ በንዕማን ቤት ሚስቱን ታገለግላለች። ጌታዋ በለምጽ ሲሰቃይ በሰማርያ ያለው ነቢይ ሊፈውሰው እንደሚችል የምትናገረው እሷ ናት። ያ ትልቅ ቤት መዳን ያገኘው በሠራተኛዋ አፍ ነው። ለአሠሪዎቹ መጸለይ ከዚህ ይመጣል፤ እህታችሁም ብትሆን ከሚረግሟቸው ቤተሰቦቿ ይልቅ በሚጸልዩላቸው ቤተሰቦቿ መጽናናት ይቀላታል፤ እንጀራዋ እዚያው ቤት ነውና።

ዘፀአት 2፥4 አንድ ቁጥር ብቻ ናት፦ ሕፃኑ ሙሴ በሣጥን ሆኖ በወንዙ ዳር ሲቀመጥ እህቱ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ከሩቅ ቆማ ትመለከታለች። ከሩቅ መቆምም ሥራ ነው። ጊዜው ሲደርስ ሮጣ የፈርዖንን ልጅ ያነጋገረችው ቆማ ስትጠብቅ ስለነበረ ነው።

ዮሐንስ 11 ደግሞ «አማኝ አያለቅስም» ለሚሉ ዘመዶች ነው። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ከእህቶቹ ጋር «እንባውን አፈሰሰ»። ሮሜ 12፥15ም ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ይላል እንጂ ዝም አሰኟቸው አይልም።

ስንለያይ እግዚአብሔር በመካከላችን ይመልከት የምትለውን የዘፍጥረት 31 ቃል የሚወዷት ብዙ ናቸው። ቦታዋን ካያችሁ ግን ላባና ያዕቆብ ባለመተማመን የተማማሉባት ናት፤ ለናፍቆት መልእክት ሌላ ብትመርጡ ይሻላል።

የድምፅ መልእክት

ከጽሑፍ ይልቅ ድምፅ ይበልጣል፤ ሥራዋን እየሠራች በጆሮ ማዳመጫ ትሰማዋለች። በኤምሬትስ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ለጥሪ ቦቲም የሚባለውን መተግበሪያ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ የድምፅ መልእክት ግን በዋትስአፕም ይደርሳል።

ርዝመቱ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። መጀመሪያ ስሟን ጥሩ፤ ታላቅ ከሆነች እትዬ እንደምትሏት እትዬ በሉ። ቀጥሎ ከመዝሙሩ አራት አምስት መስመር አንብቡ፤ በመጨረሻ ከቤት አንድ ወሬ ጨምሩ፦ የጓሮው ጌሾ ማቆጥቆጡን፣ ዶሮዋ መፈልፈሏን። ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ በር ዘግታችሁ ቅዱ፤ መንገድ ላይ የተቀዳ በመኪና ጡሩምባ ይዋጣል። እያለቀሳችሁ የቀዳችሁትን አትላኩት። እሷ ማታ ብቻዋን ሆና ነው የምትሰማው።

በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ገንዘብ የማይነሣበት መልእክት ይሁን። ስልክ በተደወለ ቁጥር የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚነገራት እህት ቀስ በቀስ መደወል ታቆማለች፤ ቤተሰብ ደግሞ «ዓረብ አገር ለወጣት» ይላል።

«ጾምሽ ወይ?» ብላችሁም አትጠይቁ። የምትበላው አሠሪዋ የሰጠቻትን ነው፤ ምርጫ የላትም። ይህ ጥያቄ የእሷና የንስሐ አባቷ ነው። ልትጠይቃቸው ከፈለገች ቁጥራቸውን ላኩላት፤ እሳቸውንም ቀድማችሁ አስፈቅዷቸው።

ለፋሲካ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። የትንሣኤውን ሰላምታ ግማሹን ብቻ ቅዱላት፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብላችሁ ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ። «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» የሚለው የእሷ ነው። «አሠሮ ለሰይጣን» ብላችሁ ዝም፤ እሷ «አግዐዞ ለአዳም»። «ሰላም» ስትሉ «እምይእዜሰ»፤ «ኮነ» ስትሉ «ፍሥሓ ወሰላም»። ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታም ብትመልሰው ተመልሷል። ሰላምታው እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ስለሚባል አንዱን ቅጂ ደጋግማ ትጠቀምበታለች። ከዶሮ ወጡና ከእንቁላሉ በላይ ካሜራ አቁሞ ቤተሰቡ ሲጎራረስ ማሳየት ግን አስቀድማችሁ ሳትጠይቋት አይደረግ። አንዳንዷ ትወደዋለች፣ አንዳንዷ ሦስት ቀን ታለቅሳለች።

በቤተ ክርስቲያን፦ ስም፣ ስለትና ዝክር

ስሟን ለካህን ስትሰጡ በንጹሕ ወረቀት የክርስትና ስሟን ጽፋችሁ ከጎኑ «በሕይወት ያለች፣ በስደት» በሉ። ስም በተደራረበበት ቀን ወረቀቱ ከሙታን ስም ጋር ተቀላቅሎ ለፍትሐት እንዳይነበብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመንገደኞች የምታደርሰው መስተብቍዕ (የልመና ጸሎት) ስላላት ካህኑ የት እንደሚያስቡት ያውቃሉ።

ስለት የምትሳሉ በራሳችሁ አቅም ተሳሉ። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ቢበዛ ጃንጥላ። «በሰላም ከመጣች በሬ አርዳለሁ» የሚል ስለት ስትመጣ የሚከፈለው ከማን ቦርሳ እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። እሷ የሰው ልብስ አጥባ ባጠራቀመችው የእናንተ ስለት አይፈጸም። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5ም ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል።

ክርስትና የተነሣችበት ታቦት ወርኃዊ ቀን ለዝክር ይመቻል፤ ሚካኤል ከሆነ በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27። ንፍሮ ርካሽ ቢሆንም የለቅሶ ቤት ምግብ ስለሆነ ጎረቤት «ምን ሰሙ?» ብሎ ይደነግጣል። ድፎ ዳቦ ይሻላል። ለ20 ሰው ያህል 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ወደ 1 ሊትር ከሩብ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርሾና ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ። ኩፍ ብሎ እጥፍ ሲሆን በኮባ ጠቅልላችሁ ከላይም ከታችም እሳት ሰጥታችሁ ጋግሩት። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለደጀ ሰላሙ ነዳያን ስጡ፤ ለእሷ የሚላከው ፎቶ የዳቦው ይሁን፣ የተቀባዮቹ ፊት አይነሣ።

ልጅ ትታ ከሄደች

ልጁ በማታው ጸሎት ላይ ይቁም፤ የእናቱን ስም የሚጠራው እሱ ይሁን። «ነገ ትመጣለች» አይባልም። ኮንትራቱ የሚያልቅበትን ወር ንገሩትና በበዓል ቁጠሩለት፦ ሁለት ገና፣ ሁለት ፋሲካ። ጸሎቱን «ካልጸለይክ እናትህ አትመጣም» ብሎ ማስፈራሪያ ማድረግ ኃጢአት ነው ብንል አላጋነንም።

ስልኳ ሲጠፋ

ጸሎቱ አይቋረጥ፤ እጅም አጣምሮ አይቀመጥ።

አንደኛ፣ እስከ ሦስት ቀን። ዋትስአፕ ላይ የላካችሁት አንድ ጭረት ብቻ ካሳየ ስልኳ ኢንተርኔት አላገኘም ማለት ነው፤ ሁለት ጭረት ከሆነ ስልኩ ላይ ደርሷል። ካርድ ማለቅ፣ ስልክ መቀማት፣ ከቤተሰቡ ጋር ሌላ ከተማ መሄድ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው።

ሁለተኛ፣ በአራተኛው ቀን ለጓደኛዋ ደውሉ፤ ቀጥሎ ለአሠሪዋ። ስትደውሉ ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው ከጎናችሁ ይኑር፤ አትቆጡ፣ ድምፅዋን እንድታሰሙን ብቻ እንለምናለን በሉ።

ሦስተኛ፣ ሳምንት ከሞላ በዳዊቱ ውስጥ ያለውን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ኤጀንሲው ሂዱ። አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡና ኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ። በዚያው ቀን ለኤምባሲው ወይም ለቆንስላው አሳውቁ፤ ሪያድና ጅዳ፣ አቡዳቢና ዱባይ፣ ኩዌት፣ ዶሃ፣ ቤይሩት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መሄድ ይቻላል።

አራተኛ፣ በዚህ ጭንቀት መሀል ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ «እህታችሁ ታስራለች፣ ብር ላኩ» ብሎ የሚደውል ነው። ከእሷ ጋር አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት አንድ ጥያቄ ተስማሙ፤ ያን የማይመልስ ሰው ሳንቲም አይላክለት። ሌላው ያለችበትን አያለሁ፣ ራእይ መጥቶልኛል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ጸሎት ዋጋ አይተመንለትም።

ናፍቆቱ ሲበረታ

ሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይወርድም፣ ሥራም ቀረ፣ ወይም ሞት ይሻለኛል የሚል ቃል ከአፍ ወጣ ማለት ከናፍቆት አልፏል። ሞት ከተነሣ ሁለት ሳምንቱ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሰውየውን ብቻውን ሳትተዉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱ። ጸበሉም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይታይ፤ አዲስ አበባ ላይ ከአማኑኤል ሆስፒታል ሌላ ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። መድኃኒት ከታዘዘ ጸበል ተጀመረ ተብሎ አይቆምም።

ስትመለስ

ቦሌ የሚሄደው ሦስት አራት ሰው ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ድግስ አታድርጉ፤ የሌሊት ሥራ የለመደ ሰውነት ቀኑን ሙሉ ሊያስተኛት ይችላል፤ አትቀስቅሷት። ሻንጣው በእሷ እጅ ይከፈት። ምን እንደደረሰባት አትጠይቁ፤ መናገር ስትፈልግ ትናገራለች፤ አስቀድማም ለንስሐ አባቷ መንገር ልትመርጥ ትችላለች። ስለት ያለበት ሰው በራሱ ቀን፣ በራሱ ብር ያድርስ። የማታውን 3 ሰዓት ግን አትተዉት፤ ትንሽ ቀናት ቆይታችሁ «እንቁም?» በሏት፤ ካልፈለገች እናንተው ቁሙ።